ዕጢዬ ነው እንዳትሉኝ

ሴትዮዋ የተቀመጠችው እኔ ወንበር ላይ ነው፤ ዓይኗ ግን እህቴ እጅ ላይ ተተክሏል። እኔ ፀጉሯን ከፋፍዬ ሥሩን ቀለም እቀባለሁ፣ እሷ በመስታወቱ አሻግራ የእህቴን ጣቶች ታያለች። አንገቷን ወደዚያ ባዘነበለች ቁጥር ብሩሼ መስመር ይስታል፣ እኔም አገጯን ይዤ አቀናታለሁ። አንዴ ሳቀናት ጠንከር አድርጌ ኖሮ «ውይ፣ ቀስ» አለችኝ። ቀስማ ብያለሁ። ከዚያ በላይ ቀስ ብል እዚያው እንደቆምኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

እህቴን ሰው ሁሉ ሚጣ ነው የሚላት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ በቁመትም ትበልጠኛለች፣ ግን ሚጣ ናት። እናታችን ስትሞት የወተት ጥርሷ ገና አልረገፈም ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ የማበጠሪያ አያያዝ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። ፀጉር ቤታችን ጠባብ ናት፤ ግድግዳውን የሞላ አንድ ረጅም መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክና አንድ የፀጉር መታጠቢያ፣ በቃ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የእኔ ነው። ብርሃኑ ስለሚሻል የቀለም ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው፣ አላፊ አግዳሚውም መጀመሪያ የሚያየው እዚያ የቆመውን ሰው ነው። ከጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች መኖሪያችን ናቸው። ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ እሷ ገና እያማረጠች ነው።

ፀጉሯን ልንገራችሁ። ወገቧ ላይ ይደርሳል። ታጥባ በፎጣ ጠምጥማው ወጥታ ስትለቀው፣ ካስክ ሥር ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ምን እንደምትቀባ ይጠይቋታል። «ምንም» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ምንም አትቀባም። የሚያናድደው ደግሞ እሱ ነው።

የእኔ ነገር የጀመረው በብርድ ነው። ሰው በላብ ሲጠመቅ እኔ ሹራብ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ቀጥሎ እንቅልፍ መጣ፤ ተኝቼ አልጠግብም፣ ነቅቼም አልነቃም። ድምፄ ጎረነነ። ስልክ ሳነሳ «ወንድሜ፣ እስኪ ፀጉር ሠሪዋን አገናኘኝ» ያለኝ ሰው አለ። አንድ ጉርሻ ሳልጨምር ወፈርኩ፣ ፊቴ አበጠ፣ የቅንድቤ ጫፍ ረገፈ። ከሁሉ የባሰው ግን ፀጉሬ ነው። የሰው ፀጉር አሳምሬ እንጀራዬን የምበላ ሴት የራሴን ከትራስ ላይ እለቅም ጀመር። በሌለችበት ሬዲዮ የምንላት ደንበኛ አለችን፤ ሰፈር ውስጥ የሆነው ሁሉ የሚሰማው ከእሷ አፍ ስለሆነ ነው። እሷ «ምነው ተመቸሽ፣ ወፈር ወፈር አልሽ» ብላ ጎኔን ነካ ስታደርገኝ፣ በያዝኩት የፀጉር ማድረቂያ ፎን ጆሮዋን ላቃጥላት ምንም አልቀረኝም።

ሐኪም ጋ የወሰደችኝ ሚጣ ናት። እኔማ ዕድሜ ነው፣ ቆሞ መዋል ነው እያልኩ እግሬን ስጎትት ነበር። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። አንገቴን ዳበሰች፣ ደም አስወሰደች፣ ውጤቱ ሲመጣ «የታይሮይድ ዕጢዎ ሥራው ቀንሷል» አለችኝ።

«እንቅርት ማለት ነው? አንገቴ ላይ ምንም የለም እኮ።»

«ሳያብጥም ሥራው ሊያንስ ይችላል። ሰውነትዎ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። እሱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል፤ ልብም፣ አንጀትም፣ ፀጉርም።»

«ሰንፏል ነው የሚሉኝ።»

ሳቀች። ሚጣም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰነፍ ተብዬ አላውቅም፣ አሁን የገዛ አንገቴ ሊያሰድበኝ ነው።

የታዘዘልኝ አንዲት ትንሽ ክኒን ናት፤ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ቁርስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ለውጡ ቶሎ እንደማይመጣ፣ ሳምንታት እንደሚወስድ ዶክተሯ ደጋግማ ነገረችን። ሚጣ ይህን እንደሰማች ነገሩን ጠቅልላ ተረከበችው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ለቃ፣ ብርጭቆ ይዛ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች።

«እትዬ፣ ተነሺ። ክኒን።»

እጇ ሞቃት ነው። ግንባሬን ስትነካኝ ይታወቀኛል። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስንቀጠቀጥ እሷ በስስ ልብስ፣ በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ ትመላለሳለች። ሰው በእህቱ ሙቀት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ውሃውን እየጠጣሁ፣ «እግዜር ይስጥሽ» እያልኩ ቀናሁ።

ሥራው ላይ ደግሞ ባሰ። እኔ አንዷን እስክጨርስ ሚጣ ሁለቱን ትሸኛለች። መጀመሪያ አዳዲሶቹ ወደ እሷ ሄዱ፣ ግድ የለም አልኩ። ቀጥሎ የእኔዎቹ መንሸራተት ጀመሩ። ስንት ዓመት እኔ ወንበር ላይ ብቻ ስትቀመጥ የኖረች መምህር አለች፣ ፀጉሯን ከእኔ ሌላ ሰው ነክቶት የማያውቅ። አንድ ቀን ወንበሬ ባዶ ሆኖ፣ እኔ ጨርቁን ዘርግቼ ቆሜ እያየችኝ፣ «ግድ የለም፣ ሚጣን ልጠብቃት፣ አንቺ እረፊ» አለችኝ። እረፊ። ጨርቁን አጥፌ መልሼ አስቀመጥኩት።

በዚህ መሀል ዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ የውበት ሳሎን፣ ያ መስታወቱ ሁሉ በአምፖል የተከበበው፣ ባለቤቲቱ ሚጣ ጋ ሰው ላከች። «እኔ ጋ ነይ፣ ወንበርሽ ዝግጁ ነው» ብላ። ይህን የነገረችኝ ሚጣ አይደለችም፣ ሬዲዮ ናት።

«ታዲያ እሷ ምን አለች?» አልኩ፣ እንዳልሰማ ሰው እጄን እያሠራሁ።

«እትዬ እስክትድን የትም አልሄድም አለች። እንዲህ ያለች እህት ከየት ትገኛለች? የታደልሽ ነሽ።»

ደስ ያለኝ ይመስላችኋል? እስክድን ነው የምትቆየው ማለት ነው። ብድን ትሄዳለች። ባልድን የመስኮቱን ወንበር ትይዛለች። እሷ ከሌለች ቤቱ አይቆምም፣ እሷ ካለች እኔ አልቆምም። በዚህ ዓለም ላይ ያለችኝ አንድ እህት ናት፤ ጥላኝ እንዳትሄድ እፈራለሁ፣ አጠገቤ ስትቆም ደግሞ አንጀቴ ያራል። በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነበር የምውለው።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። መደርደሪያችን ላይ ለፀጉር የሚሆን ቫይታሚን እንሸጣለን፣ ባዮቲን የሚባለውን። ለደንበኛ ስሰጥ «በቀን አንድ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም» እላለሁ። ለራሴ ሲሆን ምክሬ ጠፋኝ። ሚጣ ቁርስ ልትገዛ ስትወጣ እጄ መደርደሪያው ላይ ነው። አንድ ያልኩት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ጭብጥ ሆነ። አንዱ ዕቃ ሲያልቅ ባዶውን ከቀለም ቱቦዎቹ ጋር ጥዬ ሌላ እከፍታለሁ። ለምን ደበቅሽ ካላችሁኝ፣ ሚጣ ብታይ «የእኔ ዓይነት ፀጉር አምሯት ነው» ትላለቻ። ደግሞም አምሮኝ ነው። እሷ ሳትሄድ በፊት፣ አንድ ቀን እንኳን ቢሆን፣ እዚያ መስታወት ፊት እኩል መቆም ፈልጌ ነው።

ሁለተኛውን ደም የሰጠሁት በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኜ ነው። ዶክተሯ ወረቀቱን አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«መድኃኒቱ በዝቶብዎታል ይላል። ልብዎ ይመታል? ይነጫነጫሉ? እጅዎ ይንቀጠቀጣል?»

ኧረ ምንም የለብኝም ልል አፌን ስከፍት ሚጣ ቀደመችኝ። «ትነጫነጫለች። አንዳንዴ እጇም ይንቀጠቀጣል፣ መቀስ ስትይዝ አይቻለሁ።»

እጄ የሚንቀጠቀጠው ከንዴት እንደሆነ ማን ይንገራት። ዶክተሯ ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ፣ የለም አልኳት። ቫይታሚን መድኃኒት ነው እንዴ? እሷም መጠኑን ቀነሰችው፤ ክኒኗ እንኳ ቀለሟ ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ወደ ታች ነው የሄድኩት። ሊለቀኝ ጀምሮ የነበረው ብርድ ተመለሰ። ቃል ይጠፋኛል፤ «ያንን አቀብዪኝ» እላለሁ፣ ያ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ካስክ ሥር ያስቀመጥኳትን ሴት ረስቼ ጓዳ ገብቼ ተኝቼ አውቃለሁ። እናም ጋደም ባልኩ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኛል። ዶክተሯ ጠየቀች፣ የመለሰችው ሚጣ ናት። ሚጣ ተናገረች፣ መድኃኒቴ ተቀነሰ። መድኃኒቴ ተቀነሰ፣ እኔ ወደቅኩ። እኔ ስወድቅ የሚጠቀመው ማን ነው? መስኮቱ አጠገብ ማን ይቆማል? እንዲህ እያልኩ ሳሰላስለው እንደ ልብስ ልኬ ሆኖ ተገኘ።

መምህሯ አንድ ቀን፣ ሚጣ እጇ ስላልተፈታ ይሁን ይሉኝታ ይዟት አላውቅም፣ ወደ እኔ መጣች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ቀለሙን በጥብጬ ቀባኋት፣ እስኪይዝ ድረስ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ ግድግዳውንም ደገፍ አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሚጣን ጩኸት ነው። «እትዬ! ቀለሙ!»

ስነቃ የመምህሯ የፀጉር ሥር ብርቱካንማ ሆኗል። ሚጣ የራሷን ደንበኛ ትታ እየሮጠች መጥታ ወደ መታጠቢያው ወሰደቻት፣ አጠበቻት፣ ሌላ በጥብጣ ደረበችበት፣ ቶሎ ቶሎ፣ በእነዚያ ጣቶቿ። ሚጣ ውሃውን እያፈሰሰችላት ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ አድርጊላት፣ አሟት ነው፤ እሷ እኮ እንደዚህ አልነበረችም» ስትል ሰማኋት።

እሷ እኮ እንደዚህ አልነበረችም። ስለሞተ ሰው የሚወራ ነው የመሰለኝ። ደሜ ፈላ፣ ያ ሁሉ ብርድ የት እንደገባ እንጃ።

«ማን ነው እንደዚህ ያደረገኝ?» አልኳት። «መድኃኒቴን ያስቀነሰብኝ ማን ነው? እጇ ይንቀጠቀጣል ብለሽ ለሐኪም ያሳጣሽኝ አንቺ አይደለሽም? ወንበሬን ፈልገሽ ነው። እንኪ፣ ውሰጂው።»

ሬዲዮ ካስክ ሥር ነበረች። ካስኩን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ጆሮዋን ነፃ አወጣች። ሚጣ ግን ወደ ሥራዋ ዞረች። የመምህሯን ፀጉር አጥባ ጨረሰች፣ አደረቀች፣ እስከ በር ሸኘቻት። ከዚያ ጋዋኗን አውልቃ አጠፈችና ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ክኒኑ ከአልጋሽ ራስጌ ነው። በውሃ ብቻ» ብላኝ ወጣች። በማግስቱ ዋናው መንገድ ላይ፣ አምፖሎቹ ሥር ቆማ ስትሠራ አየኋት ብላ ሬዲዮ አበሰረችኝ። የምታድረውም እዚያ ከሚሠሩት ልጆች ጋር ነው አለች።

እሰይ አልኩ። መስታወቱ የእኔ ሆነ፣ መስኮቱ የእኔ ሆነ። ሰው ግን አልነበረም። በሩን ከፍቶ አንገቱን ያስገባ ሁሉ «ሚጣ የለችም?» ይላል፣ የለችም ስል አንገቱን ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን ክፍሏን ስጠርግ መጥረጊያው ላይ አንድ ረጅም ፀጉር ተጠምጥሞ መጣ። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ሬዲዮም በዚያው ሰሞን «ሚጣን መንገድ ላይ አገኘኋት፣ ክኒኗን ትውጣለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ» አለችኝ። እሷን ምን አገባት አልኩ። ሬዲዮ ከሄደች በኋላ ግን የሚጣን ጥያቄ ስንት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት።

ቀጠሮው ሲደርስ ብቻዬን ሄድኩ። ዶክተሯ አዲሱን ወረቀት ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ መልሳ ወረቀቱን ታያለች።

«ወረቀቱ አሁንም በዝቶብዎታል ይላል። እርስዎ ደግሞ ሲታዩ ያነሰብዎት ይመስላሉ። ፊትዎ፣ ድምፅዎ፣ ልብዎም ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ቫይታሚን ይወስዳሉ? ለፀጉር የሚሸጡትን?»

ፊቴ ጋለ። ምን ያህል እንደምወስድ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው ኖሯል። ባዮቲን ዕጢውን አይነካውም። የሚያሳስተው የምርመራውን ማሽን ነው፤ በዛ ብሎ ሲወሰድ፣ ያልበዛውን መድኃኒት በዝቷል ያሰኘዋል። እንግዲህ እኔ ማሽኑን አሳሳትኩት፣ ማሽኑ ሐኪሟን አሳሳታት፣ ሐኪሟ መድኃኒቴን ቀነሰች፣ እኔ ደግሞ ሚጣን አባረርኩ። ፀጉር ሠሪ ባልሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ጉድ ከየት ያገኘኝ ነበር?

ባዮቲኑን እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ጥቂት ቀናት ቆይቼ ደም ሰጠሁ፤ እንዳለችውም መድኃኒቱ አንሶኝ ተገኘ። መጠኑን መለሰችልኝ። ልወጣ ስል እህቴ ለምን እንዳልመጣች ጠየቀችኝ። ደባብሼ ነገርኳት፤ ተጣልተናል፣ ክፉ ተናግሬያታለሁ አልኩ።

«ይህ በሽታ ሰውን ያስከፋል፣ ያስቆጣል፣ አንዳንዴም ያልሆነ ነገር ያስጠረጥራል» አለችኝ። «በራስዎ ላይ አይጨክኑ። መድኃኒቱ ሲስተካከል እሱም ይስተካከላል።»

ይህችን ቃል ይዤ ስወጣ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ለካ እኔ አይደለሁም! ዕጢዬ ነው! ቤት እንደደረስኩ ሬዲዮን አስጠርቼ ከነባዮቲኑ ዘርዝሬ ነገርኳት። «በሽታው ነው ያናገረኝ፣ ሐኪሟ ራሷ ብላለች» አልኩ። ለማንም እንዳትነግሪ ብዬም አደራ አልኳት፤ እንዲህ ካሏት ነው ቶሎ የምታዳርሰው።

ከዚያ መዳኔን ተያያዝኩት። ጠዋት ራሴ ተነስቼ፣ ራሴ ውሃ ቀድቼ እውጣለሁ። ሳምንታት ሄዱ። ብርዱ ለቀቀኝ። እንቅልፉ ለቀቀኝ። ድምፄ ተመለሰ፣ ስልክ ላይ ወንድሜ የሚለኝ ጠፋ። ግንባሬ ላይ አጫጭር ፀጉር ብቅ ብቅ አለ። ወረቀቱም ተስተካክሏል አለችኝ ዶክተሯ፣ ጨበጠችኝም። እኔ ደግሞ አንድ የቀረ ነገር ነበረኝ። ቅናቱ እንዲለቀኝ እጠብቅ ነበር። ሚጣ ከዓይኔ ስለራቀች ይሁን ዳንኩ ስላልኩ ዝም ብሎ ነበርና፣ ለቆኛል ብዬ ቤቴን ቆልፌ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። እህቴን ወደ ቤቷ ልመልስ።

ሳሎኑ መስታወት በመስታወት ነው። ከውጭ ሆኜ አየኋት። ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ በእርሳስ ወግታዋለች፤ እንደዚያም ሆኖ ያምራል። አንዲት ሴት ፀጉር ላይ ጎንበስ ብላ ትቆርጣለች፣ መቀሱ እጇ ላይ ያለ አይመስልም፣ እጇ ራሱ ነው የሚቆርጠው። ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ የሚጠብቁት እሷን ነው። ጠዋት ክኒኔን ውጫለሁ። ሰውነቴ ሞቃት ነው። ወረቀቴ ተስተካክሏል። ጤነኛ ሆኜ ቀናሁ።

ገባሁ። ሚጣ ቀና ስትል አየችኝ፣ ፊቷ በራ።

«እትዬ! ድምፅሽ ተመልሷል አሉኝ። የፊትሽም እብጠት ወርዷል። ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ የባዮቲኑንም።» ሳቅ እየተናነቃት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ተቀይሜሽ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ግን አንቺ እንዳልሆንሽ ገባኝ። በሽታው ነው እንጂ አንቺ እኔን እንዲህ አትዪኝም። አይደል? ቆይ፣ እሷን ልጨርስና ዕቃዬን ልያዝ፣ አብረን እንሄዳለን።»

አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ሬዲዮ ያዳረሰችው ይህንኑ ነው፣ የመጣሁትም ይህንኑ ልል ነው። አፌን ከፈትኩ። ግን አስቡት። አዎ ብላት ቤት ትመጣለች። ነገ አንዷ ደንበኛ ሚጣን ልጠብቅ ትለኛለች፣ እኔም አኮርፋለሁ። ሚጣ ክኒኔን ትቆጥራለች። ከነገ ወዲያ እቆጣለሁ፣ ሚጣ ደም ልታስወስደኝ ትነሳለች። እኔ ዕጢዬን እያሳበብኩ፣ እሷ ዕጢዬን እያስታመመች፣ ሁለታችንም የማይመጣ ነገር እየጠበቅን ልናረጅ ነው። ያሳደግኳትን ልጅ እንዲህ ላሞኛት?

«በሽታው አይደለም» አልኳት።

«እ?»

«መድኃኒቴን አስቀነሰች ያልኩት የበሽታው ሊሆን ይችላል። ቅናቱ ግን የእኔ ነው። ሳልታመምም ነበረ። አሁን ድኜ በዚህ በር ስገባም አብሮኝ ገብቷል።»

ሚጣ መቀሱን አስቀመጠች።

«በምኔ ነው የምትቀኚብኝ?»

«በፀጉርሽ። በእጅሽ። ሰው በሚወድሽ ሁሉ። አሁን እንኳ፣ ይቅር ስትዪኝ፣ እሱ ራሱ እንዴት እንደሚቀልልሽ አይቼ ቀናሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ ወይም ታቅፈኛለች። ሁለቱንም አላደረገችም።

«አዎ በሽታው ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት?» አለች ቀስ ብላ። «እመጣልሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እስክትድኚ ነበር የምጠብቀው፣ እትዬ። አሁን ምን ልጠብቅ?»

«እኔንጃ» አልኳት። እሷም መቀሱን አንስታ ወደ ሴትዮዋ ፀጉር ተመለሰች።

በሩ ጋ ሄጄ እጀታውን ያዝኩ። ወጥቼ የት እንደምሄድ አሰብኩ። ተመልሼ ከሚጠብቁት ሴቶች መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው «ተራ ይዘሽ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሚጣ ጋ?»

«ሚጣ ጋ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሱ፣ ተሠሩ፣ መስታወት ውስጥ ራሳቸውን አይተው ረክተው ሄዱ። ሚጣ አንዴም ወደ እኔ አላየችም። እኔ ግን ጣቶቿን አየሁ፣ ቀናሁም፣ አልተነሳሁም። ከእኔ በፊት የነበረችው ስትወጣ ሚጣ ወለሉን ጠረገች፣ ደንበኛ የምታለብስበትን ጨርቅ አራገፈች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ባዶው ወንበር አጠገብ ትንሽ ቆመች።

«ቀጣይ» አለች።

ተነስቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ።